ሰው የላከልንን ፋይል የት እናስቀምጠው? በጃንጎ የፋይል አያያዝ ከሀ እስከ ፐ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ መቀበያ ድረ ገጽ በጃንጎ፣ ማለትም በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ በሚሠራበት ማዕቀፍ፣ ሠርቼ ነበር። አመልካቹ ስሙን ይሞላል፤ ሲቪውንና የትምህርት ማስረጃውን በፒዲኤፍ ይልካል። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የፊደል ግድፈት አርሜ አዲሱን ኮድ ዲፕሎይ አደረግኩ፤ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። «የአመልካቾቹ ስም አለ፤ ፋይላቸው ግን አልከፈት አለ» አሉኝ።

ገብቼ ሳይ ዳታቤዙ ደህና ነው። ፎልደሩ ግን ባዶ። ፋይሎቹ የሚቀመጡት ዶከር ኮንቴይነሩ (ፕሮግራሙ ተጠቅልሎ የሚሠራበት፣ በአዲስ የሚተካ ሳጥን) ውስጥ ስለነበር አሮጌው ኮንቴይነር ሲወገድ አብረው ሄዱ። ለአመልካቾቹ አንድ በአንድ ደውለን እንደገና እንዲልኩ ለመንን። አንዷ ማስረጃዋን ስካን ለማስደረግ ከገጠር ከተማ ድረስ መጥታ እንደነበር ስትነግረኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሰው የላከልን ፋይል አደራ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮድ ከመጻፌ በፊት ሦስት ጥያቄ እመልሳለሁ፦ ፋይሉ የት ይቀመጣል? በምን ስም? ማን ይከፍተዋል? ይህ መመሪያም በእነሱው ላይ የቆመ ነው። የምጠቀመው ጃንጎ 4.2ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪት ነው። የሴቲንግና የክላስ ስሞችን እንደሚነገሩት በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ኮድ ላይ የሴቲንግ ስሞች በትልልቅ የላቲን ፊደል፣ በአንደርስኮር ተያይዘው ነው የሚጻፉት።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ወስኑ

ጃንጎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፋይል አለ። ስታቲክ የሚባለው እናንተ የሠራችሁት ነው፤ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሎጎ። ከኮዱ ጋር ጊት (የኮዱ ታሪክ ማስቀመጫ) ውስጥ ይኖራል፤ ቢጠፋም መልሳችሁ ታወጡታላችሁ። ሚዲያ የሚባለው ደግሞ ተጠቃሚው የሚልከው ነው። እሱ ከጠፋ ጠፋ ነው። ሁለቱን አንድ ፎልደር ውስጥ አትቀላቅሉ።

ሴቲንግ ላይ «ሚዲያ ሩት» የፎልደሩ ሙሉ አድራሻ ነው። «ሚዲያ ዩአርኤል» ደግሞ ብራውዘር ፋይሉን የሚጠራበት አድራሻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ስላሽ ይኑረው። ሚዲያ ሩትን ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጭ አውጡት። አድራሻውን ኮድ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ከኮዱ ውጭ ሰርቨሩ ላይ ከሚቀመጥ እሴት፣ ይነበብ። ዶከር የምትጠቀሙ ከሆነ ያ ፎልደር የግድ ቮሊውም ላይ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ቢወገድም በሚቆይ ማከማቻ ላይ፣ ይሁን።

ከዚያ ይህን ሞክሩ። አንድ ፋይል አፕሎድ አድርጉ፤ ኮንቴይነሩን አጥፍታችሁ አዲስ አስነሱ፤ ፋይሉን ክፈቱት። ተከፈተ? ቀጥሉ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው። እኔ ያኔ ብሞክረው ኖሮ ያ ሁሉ ስልክ ባልተደወለ።

ላፕቶፕ ላይ ፋይሎቹ በብራውዘር እንዲታዩ ዩአርኤል ፋይሉ ላይ «ስታቲክ» የሚባለውን ረዳት ፈንክሽን ትጨምራላችሁ። ይህ የሚሠራው ዲበግ የሚባለው የልማት ጊዜ ሴቲንግ ሲበራ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ 404 (አልተገኘም) ይላል» ብሎ የሚጨነቀው ከዚህ የተነሳ ነው። ጃንጎ በእውነተኛ ሰርቨር ላይ ሚዲያ እንዲያድል አልተሠራም። ያ የኤንጂንኤክስ፣ ማለትም ከጃንጎ ፊት ቆሞ ጥያቄ የሚቀበለው የዌብ ሰርቨር፣ ሥራ ነው። ፎልደሩን ኤንጂንኤክስ ማንበብ፣ ፓይተኑን የሚያስኬደው ዩዘር ደግሞ መጻፍ መቻል አለባቸው።

ደረጃ 2፦ ሞዴሉ

ሞዴሉ (የዳታቤዙን ሠንጠረዥ የሚገልጸው ክላስ) ላይ «ፋይል ፊልድ» ትጨምራላችሁ። ለፎቶ «ኢሜጅ ፊልድ» አለ፤ እሱ ፒሎው የሚባለውን ላይብረሪ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋይሉ ዳታቤዝ ውስጥ አይገባም። የሚገባው አድራሻው ብቻ ነው፤ ያውም ከሚዲያ ሩት በታች ያለው ክፍል። ርዝመቱም ካልቀየራችሁት እስከ 100 ምልክት ነው፤ የፎልደሩ ስም ጭምር ይቆጠራል። እኔ 255 አደርገዋለሁ። እንግዲህ አንድ ማመልከቻ ሁለት ቦታ ይኖራል ማለት ነው፤ ግማሹ ዳታቤዝ ውስጥ፣ ግማሹ ዲስክ ላይ። ከዚህ በታች የምናየው ችግር አብዛኛው ሁለቱ ሲለያዩ የሚመጣ ነው።

ደረጃ 3፦ ስሙን እናንተ ስጡት

ሰው ፋይሉን እንዴት እንደሚሰይም ታውቃላችሁ። «ሲቪ»፣ «አዲሱ ሲቪ»፣ «የመጨረሻው ሲቪ የታረመ 2»። ተመሳሳይ ስም ሲመጣ ጃንጎ አይተካውም፤ መጨረሻው ላይ አንደርስኮርና 7 የዘፈቀደ ፊደላት ጨምሮ ለብቻ ያስቀምጠዋል። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም።

በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «የትምህርት ማስረጃ» የሚለውን ስም እንውሰድ። ፊደላቱ 10 ናቸው። በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ኮድ) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 10 ፊደል 30 ባይት ሆነ። ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም በአብዛኛው የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ በእኛ ፊደል ሲሰላ 85 ፊደል ገደማ። ሊንክ ላይ ሲወጣ ደግሞ አንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ያቺ አጭር ስም ሊንኩ ላይ ክፍት ቦታዋን ሳንቆጥር 90 ምልክት ወሰደች። ሊንኩን ለሰው ስትልኩት የሚያነበው የለም።

የባሰው አለ። ስሙን ለማጽዳት «ስለግፋይ» የሚባለውን ፈንክሽን የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። ፈንክሽኑ እንዳለ ከተጠራ ከእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከቁጥር፣ ከሰረዝና ከአንደርስኮር ውጭ ያለውን ሁሉ ይጥላል። «የትምህርት ማስረጃ» ብላችሁ ስትሰጡት ባዶ ይመልሳል። ምንም። ስሙን በዚህ መንገድ ብቻ ከሠራችሁት አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ፋይል ሁሉ ስም አልባ ይሆናል። «አላው ዩኒኮድ» የሚለውን ብታበሩለት ፊደላችንን ይተዋል፤ የርዝመቱ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው።

እኔ የማደርገው ይኼን ነው። ሞዴሉ ላይ ሁለት ፊልድ አደርጋለሁ። አንዱ ፋይል ፊልዱ ነው። ሁለተኛው «የመጀመሪያ ስም» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፊልድ፤ ሰውየው የሰጠው ስም እንዳለ እዚያ ይቀመጣል። ዲስክ ላይ የሚውለው ስም ግን ዩዩአይዲ ነው፤ ማለትም በዘፈቀደ የሚፈጠር፣ ከሌላ ጋር የማይጋጭ መለያ። ከኋላው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውና ከተፈቀዱት አንዱ መሆኑ የተረጋገጠው ኤክስቴንሽን ብቻ ይከተለዋል።

ይህን ለማድረግ ፋይል ፊልዱ ላይ «አፕሎድ ቱ» ለሚለው ፎልደር ሳይሆን ፈንክሽን ስጡት። ፈንክሽኑ ሞዴሉንና የፋይሉን ስም ይቀበላል፤ ሙሉ አድራሻውን ይመልሳል። አድራሻው ውስጥ ዓመትና ወር አስገቡ፤ ሁሉም ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ሲከማች ፎልደሩን መክፈት ራሱ ይከብዳል። የመዝገቡን መለያ ቁጥር ግን አድራሻው ውስጥ አታስገቡ። ፈንክሽኑ የሚጠራው አዲሱ መዝገብ ዳታቤዝ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ቁጥሩ ገና የለም፤ «ነን» (ፓይተን «ምንም የለም» የሚልበት ቃል) የሚባል ፎልደር ተፈጥሮ የሁሉም ሰው ፋይል እዚያ ይታጨቃል። የሰው ስም፣ ስልክ ወይም የመታወቂያ ቁጥርም አድራሻ ውስጥ አይግባ። አድራሻ ሎግ ላይ ይጻፋል፤ ሎግን ብዙ ሰው ያያል።

ደረጃ 4፦ ፎርሙ

እዚህ ብዙ ወሬ የለም። የፎርሙ መላኪያ ዘዴ ፖስት ይሁን፤ «ኢንክታይፕ» የሚለው ደግሞ መልቲፓርት ፎርም ዳታ መባል አለበት። ይህችን ከረሳችሁ ምክንያቱን የሚነግራችሁ የስህተት መልእክት አይወጣም፤ የፋይሉ ስም ብቻ መጥቶ ፋይሉ ይቀራል። ቪው (ጥያቄውን ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ኮድ) ላይ ፎርሙን ስትፈጥሩ ፖስቱንም «ሪኩዌስት ፋይልስ» የሚባለውንም ስጡት። ፋይል አልመጣም ብሎ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ፈትሹ።

ደረጃ 5፦ መጠኑንና ይዘቱን ፈትሹ

ጃንጎ እስከ 2.5 ሜጋባይት ያለውን ፋይል ሜሞሪ ላይ ይይዛል፤ ከዚያ የሚበልጠውን ጊዜያዊ ፋይል አድርጎ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ይህ ቁጥር ሴቲንግ ላይ ስላለ ብዙዎች ጣሪያ ይመስላቸዋል። አይደለም። ጣሪያ ካላበጃችሁ ጃንጎ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። በሌላ በኩል ኤንጂንኤክስ ካልነገራችሁት ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፤ 413 ብሎ ይመልሳል። ስካን የተደረገ ማስረጃ ደግሞ 1 ሜጋባይት በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱንም አስተካክሉ። ፎርሙ ላይ ለምሳሌ 5 ሜጋባይት ካላችሁ ኤንጂንኤክስ ላይ 6 አድርጉት፤ ጣሪያውን በጥቂቱ ያለፈ ተጠቃሚ ባዶ የእንግሊዝኛ ገጽ ሳይሆን የእናንተን የአማርኛ መልእክት እንዲያይ።

ጣሪያውን ሰው ፋይሉን ከመምረጡ በፊት ጻፉለት። በጃቫስክሪፕትም መጠኑን ብራውዘሩ ላይ አስቀድማችሁ ፈትሹ። በሞባይል ፓኬጅ 12 ሜጋባይት ልኮ ሲያበቃ «በጣም ትልቅ ነው» የተባለ ሰው ዳታውም ጊዜውም ባክኖበታል። ግን ይህ ለተጠቃሚው ምቾት ነው እንጂ ጥበቃ አይደለም፤ የብራውዘሩን ፍተሻ ማለፍ ለሚፈልግ ቀላል ስለሆነ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፍተሻ አይቀርም።

አሁን ወደ ይዘቱ። የኤክስቴንሽን ቫሊዴተሩ የሚያየው የስሙን ጭራ ብቻ ነው። «ኮንቴንት ታይፕ» የሚባለውም ብራውዘሩ የነገረን ነው፤ ውሸትም ሊሆን ይችላል። የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች አንብቡ። ፒዲኤፍ የሚጀምረው በመቶኛ ምልክትና ፒዲኤፍ በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ነው። ፒኤንጂ 137፣ 80፣ 78፣ 71 ብሎ ይጀምራል። ጄፔግ 255፣ 216፣ 255። አዲሱ የወርድ ፋይል ግን ውስጡ ዚፕ ስለሆነ እንደማንኛውም ዚፕ በ80 እና 75 ይጀምራል፤ በመጀመሪያ ባይቶቹ ብቻ ከሌላ ዚፕ አትለዩትም። እኔ ለማስረጃ ፒዲኤፍና ፎቶ ብቻ የምቀበለው ለዚህ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ጠቋሚውን ወደ ዜሮ መልሱት፤ ቀጥሎ የሚያነበው ኮድ ከመሃል እንዳይጀምር።

ኤስቪጂና ኤችቲኤምኤል ከማያውቁት ሰው አይቀበሉም። ውስጣቸው ስክሪፕት ሊኖር ይችላል፤ በእናንተ ዶሜይን ላይ ሲከፈት ደግሞ በእናንተ ስም ይሠራል።

ፎቶ ከተቀበላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ከነጂፒኤሱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የአንዲት ልጅ የመገለጫ ፎቶ የቤቷን አድራሻ ተሸክሞ ድረ ገጽ ላይ መውጣት የለበትም። በፒሎው ከፍታችሁ እንደገና ሴቭ ስታደርጉት፣ እናንተው ካላስተላለፋችሁት በቀር፣ ያ መረጃ ይቀራል። ከዚያ በፊት ግን «ኤግዚፍ ትራንስፖዝ» የሚለውን ጥሩ፤ አለበለዚያ ቆሞ የተነሳው ሰው ተጋድሞ ይወጣል።

ደረጃ 6፦ ማን ይከፍተዋል?

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። የብሎግ ፎቶ ማንም ይየው። የሰው የትምህርት ማስረጃ፣ የሕክምና ውጤት፣ የመታወቂያ ቅጂ ግን የባለቤቱና የሚመለከተው ሰው ብቻ ነው።

«ስሙ ዩዩአይዲ ስለሆነ ማንም አይገምተውም» የሚል ክርክር እሰማለሁ። እውነት ነው፣ አይገመትም። ግን ሊንክ ይላካል። አንድ ሠራተኛ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢለጥፈው ሊንኩ ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል፤ ሠራተኛው ከሥራ ከለቀቀ በኋላም ይከፈታል። የማይገመት ስም ቁልፍ አይሆንም።

ስለዚህ የሚስጥር ፋይሎችን ከሚዲያ ሩት አውጧቸው። ሌላ ፎልደር ላይ የሚያርፍ ሁለተኛ «ፋይል ሲስተም ስቶሬጅ» ፍጠሩና ፋይል ፊልዱ ላይ «ስቶሬጅ» በሚለው ስጡት። ያንን ፎልደር ኤንጂንኤክስ በቀጥታ ለሕዝብ አያድል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሰው ሊንኩን ሲነካ ጥያቄው ወደ ጃንጎ ቪው ይሄዳል። ቪው ሎግኢን ማድረጉን፣ ከዚያም ይህን ፋይል ለማየት መብት ያለው መሆኑን ያያል። ሎግኢን ብቻ አይበቃም፤ አንዱ አመልካች የሌላውን አመልካች ማስረጃ ማየት የለበትም። መብት ከሌለው 404 መልሱለት፤ ፋይሉ መኖሩንም አይወቅ።

መብት ካለውስ? ትንሽ ሥራ ከሆነ «ፋይል ሪስፖንስ» ይበቃል፤ ጃንጎ ራሱ ፋይሉን ይልካል። ብዙ ተጠቃሚ ካለ ግን ዘገምተኛ ኢንተርኔት ያለው አንድ ሰው የፓይተን ሂደቱን ይዞ እንዳይቆይ ሥራውን ለኤንጂንኤክስ አስተላልፉ። ኤንጂንኤክስ ላይ «ኢንተርናል» የተባለ ሎኬሽን ታበጃላችሁ፤ ከውጭ በቀጥታ የማይጠራ ማለት ነው። ቪው ባዶ መልስ ይሰጣል፤ «ኤክስ አክሴል ሪዳይሬክት» የሚባል ሄደር ላይ የፋይሉን ውስጣዊ አድራሻ ይጽፋል። ኤንጂንኤክስ ያንን አንብቦ ፋይሉን ይልካል።

ሰውየው ሲያወርደው ዩዩአይዲውን ሳይሆን ያኔ ያስቀመጥንለትን የመጀመሪያ ስም ማየት አለበት። ፋይል ሪስፖንስ ስሙ አማርኛም ቢሆን በትክክል ይልከዋል። ኤክስ አክሴል ስትጠቀሙ «ኮንቴንት ዲስፖዚሽን» ሄደሩን እናንተ ታወጣላችሁ፤ ጃንጎ 4.2 ለዚሁ የሚሆን ፈንክሽን አምጥቷል። በእጅ አትጻፉት፤ የአማርኛው ስም የሚበላሸው እዚያ ነው።

ደረጃ 7፦ መሰረዝ

መዝገቡን ስትሰርዙ ፋይሉ አብሮ አይሰረዝም። ከጃንጎ 1.3 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2011 ወዲህ፣ እንዲህ ነው። የተደረገውም በምክንያት ነው፤ ስረዛው በዳታቤዝ በኩል ቢከሽፍ መዝገቡ ይመለሳል፣ ፋይሉ ግን አይመለስም። እናም «ማስረጃዬን አጥፉልኝ» ያለ ሰው ስሙ ከገጹ ጠፍቶ ፋይሉ ዲስክ ላይ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ቃል ማፍረስ ነው።

«ፖስት ዲሊት» በሚባለው፣ መዝገብ ሲሰረዝ በሚጠራው ሲግናል ፋይሉን አጥፉ። ግን በቀጥታ ሳይሆን «ኦን ኮሚት» ውስጥ አድርጉት፤ ዳታቤዙ ሥራውን ማጽናቱ ሲረጋገጥ ብቻ ፋይሉ እንዲጠፋ። ሰው ፋይሉን በአዲስ ሲተካም አሮጌው አይጠፋም፤ ለእሱም ተመሳሳይ ነገር ያስፈልጋል። ራሳችሁ ባትጽፉት «ጃንጎ ክሊንአፕ» የሚባል ፓኬጅ ይሠራዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። ፋይሉ የሚጻፈው መዝገቡ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ መዝገቡ ከከሸፈ ባለቤት የሌለው ፋይል ይቀራል። ዲስኩን ከዳታቤዙ ጋር የሚያስተያይ ትንሽ ማኔጅመንት ኮማንድ ጻፉ። ባለቤት የሌላቸውንና ከአንድ ቀን በላይ የቆዩትን ዘርዝሮ ያሳያችሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሳይ እንጂ አይሰርዝ።

ደረጃ 8፦ ወደ ክላውድ ስትሄዱ

ሰርቨራችሁ አንድ ከሆነና ቋሚ ዲስክ ካለው አትቸኩሉ። ሰርቨሩ ሁለት ሲሆን ወይም ሆስቲንጉ ቋሚ ዲስክ ከሌለው ግን እንደ አማዞን ኤስ3፣ ክላውድፍሌር አር2 ወይም ዲጂታልኦሽን ስፔስስ ያለ ማከማቻ ያስፈልጋል። ክፍያቸው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ በካርድ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ከደንበኛው ጋር ተነጋገሩ። ክፍያ ሲቋረጥ ፋይሉም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ጃንጎን ከእነዚህ ማከማቻዎች ጋር የሚያገናኙትን «ጃንጎ ስቶሬጅስ» እና «ቦቶ3» የሚባሉ ፓኬጆች ትጭናላችሁ። ከ4.2 ጀምሮ ሴቲንጉ «ስቶሬጅስ» በሚባል አንድ ዲክሽነሪ ውስጥ ነው። «ዲፎልት» የሚለው ለሚዲያ፣ «ስታቲክ ፋይልስ» የሚለው ለስታቲክ ነው። አንዱን ብቻ ጽፋችሁ ሁለተኛውን ከተዋችሁት ጃንጎ አይሞላላችሁም፤ ስህተት ይሰጣል። ሁለቱንም ጻፉ።

በጣም የምትጠነቀቁት ግን ይህን ነው። የኤስ3 ስቶሬጁ ካልከለከላችሁት በተመሳሳይ ስም የመጣውን ፋይል በአሮጌው ላይ ይጽፍበታል። ዲስክ ላይ የነበረው የ7 ፊደል ጥበቃ እዚህ የለም። «ፋይል ኦቨርራይት» የሚለውን ፎልስ አድርጉ።

ባኬቱ (ክላውዱ ላይ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ማከማቻ) ለሕዝብ ዝግ ይሁን። ሊንኮቹ ፊርማ ያላቸውና ጊዜያቸው የሚያልቅ ይሆናሉ፤ ካልቀየራችሁት 3600 ሰከንድ ማለትም አንድ ሰዓት ይቆያሉ። ለማስረጃ እኔ ወደ 5 ደቂቃ አወርደዋለሁ። ሚስጥር ቁልፎቹ ኢንቫይሮመንት ላይ እንጂ ጊት ላይ አይቀመጡ። ኮዳችሁ ውስጥ «ፋይል ነጥብ ፓዝ» የሚል ካለም ክላውድ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ የዲስክ አድራሻ የሚባል ነገር የለም። ከመጀመሪያው በ«ኦፕን» አንብቡ። አሮጌዎቹን ፋይሎች ስትቀዱ ዳታቤዙን መንካት አያስፈልግም፤ የተቀመጠው አድራሻ ከሩት በታች ያለው ብቻ ስለሆነ እንዳለ ይሠራል።

ደረጃ 9፦ ባክአፕ

ዳታቤዙን ባክአፕ የሚያደርግ ብዙ ነው፤ ፋይሎቹን የሚያስታውስ ጥቂት። ሁለቱንም አድርጉ፤ ቅደም ተከተሉም ልዩነት አለው። መጀመሪያ ዳታቤዙን፣ ቀጥሎ ፋይሎቹን። እንዲህ ሲሆን በመሃል አዲስ የገባ ፋይል ቢኖር ትርፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ አይጎዳም። ገልብጣችሁ ካደረጋችሁት ግን ባክአፑ ውስጥ ፋይል የሌለው መዝገብ ይኖራል። ኮፒው ደግሞ ከሰርቨሩ ውጭ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ከዚያ በወር አንድ ጊዜ ባክአፑን ላፕቶፕ ላይ መልሳችሁ አቁሙት። ከዳታቤዙ አሥር ሰው በዘፈቀደ ምረጡ። የአሥሩንም ፋይል አንድ በአንድ ክፈቱ፤ ስማቸው ከውስጡ ካለው ማስረጃ ጋር መግጠሙን አንብባችሁ አረጋግጡ። ስትጨርሱ የሰው ማስረጃ ላፕቶፓችሁ ላይ እንዳይቀር ኮፒውን አጥፉት።